የኅዳሯ፣ የገናዋ፣ የፋሲካዋ

እትየ ሙሉ ካረፉ ወዲህ ደብረ ታቦር ለሥራ ስሄድ የማድረው ሆቴል ነው። አይጣል ነው! «ብርቄ መጣሽ?» እየተባልሁ በገባሁበት ከተማ አሁን መታወቂያ አሳይቼ፣ ቁልፍ ተቀብዬ የክፍል ቁጥር እፈልጋለሁ።

ባለፈው ኅዳርም እንዲሁ ሻንጣዬን እየጎተትሁ ስገባ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አንዲት አበባ አየሁ። ጠፍጣፋ ቅጠሎቿ አንዱ ካንዱ ጫፍ እየበቀለ እንደ ሰንሰለት ተንጠልጥለዋል፤ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ጫፍ ላይ ሮዝ አበባ ፈንድቷል። እግሬ ቆመ፤ አንዷን አበባ በጣቴ ነካ አደረግሁ።

«ታምራለች አይደል? የገና አበባ ናት» አለችኝ ቁልፍ የምትሰጠው ልጅ።

«ታምራለች። የገና ግን አይደለችም።»

«እንዴ! በስሟ እኮ ነው ከባሕር ዳር የገዛናት።»

«እስቲ የቅጠሏን ጠርዝ ዳሰስ አድርጊው። ጥርስ አለው አይደል? እንደ ማጭድ። ይቺ የኅዳሯ ናት። የገናዋ ጥርስ የላትም።»

ልጅቱ ዳሰሰች፤ ግራ ገብቷት ፈገግ አለች። «አበባ ትነግጃለሽ እንዴ?»

«አይ፣ አንድ ዓመት ሙሉ አበባ ስጠብቅ ከርሜ ነው» አልኋት። ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁላት። ክፍሌ ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ ግን ጣቴ ላይ ከአበባው የተረፈ ቢጫ ዱቄት አየሁና ያ ዓመት እንዳለ መጣብኝ።

እናቴ እኔን እትየ ሙሉ ቤት የተወችኝ በጳጉሜን ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ገና ሳልድህ ስለሞተ ከእናቴ ጋር ገሳይ በምትባል የመንገድ ዳር ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው፤ እናቴ ለመኪና ሹፌሮች ሻይ ትሸጣለች፣ እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ። እትየ ሙሉ የእናቴ አክስት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባልም ልጅም የሌላቸው፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ባለች ትንሽ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ከዚያ በፊት ያየኋቸው አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ነው፤ ቁጡ መስለውኝ ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ተደብቄ ነበር።

እናቴ ያን ሰሞን ወፈር ብላ ነበር። ቀሚሷ ከሆዷ ላይ አልበቃ ብሏት በነጠላ ትሸፍነዋለች። እኔ በመወፈሯ ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር፤ ገሳይ ላይ የወፈረ ሰው የደላው ሰው ነው።

እትየ ሙሉ ጓዳ ገብተው ሳለ እናቴ በረንዳው ላይ ቁጢጥ ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ሐሙሲት ቤት እየሠራሁ ነው። እሱ እስኪያልቅ እዚህ ትቆያለሽ። እሽ የኔ ዓለም?»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

ዓይኗ ወዲያ ወዲህ አለ። በረንዳው ላይ ሦስት ተክሎች ነበሩ፤ አንዷ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ፣ አንዷ አፉ የተሰበረ ማንቆርቆሪያ ውስጥ፣ አንዷ ሰማያዊ የቀለም ባልዲ ውስጥ። አንዳቸውም አበባ አልነበራቸውም፤ ሦስቱም ያው አረንጓዴ ጠፍጣፋ ሰንሰለት ናቸው። እናቴ ከሰማያዊው ባልዲ የተንጠለጠለውን ቅጠል ብድግ አድርጋ በጫፉ አገጬን ኮረኮረችኝና እኔ ስስቅ፣

«ይች ስታብብ ከተፍ እላለሁ» አለች።

ሄደች። መናኸሪያው ቅርብ ስለሆነ ሚኒባሱ ሲነሳ ድምፁን ሰማሁት። እኔ ግን አላለቀስሁም፤ ምልክት ተሰጥቶኛላ! ሰማያዊ ባልዲ፣ ሰማያዊ ባልዲ እያልሁ ለራሴ አጠናሁት።

የእንቁጣጣሽ ለት የሰፈሩ ልጃገረዶች እየዘፈኑ መጡ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ማየት ጀመርሁ። እትየ ሙሉ ድፎ ዳቦ ቆርሰው ሰጧቸው፣ መረቋቸው። አንዷ ልጅ ሣሩን ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉና ያሰረችውን እንግጫ ይዛ ምሰሶው ላይ ልታስር ገባ ስትል ግን እትየ ሙሉ እጃቸውን ዘርግተው አቆሟት።

«ተይው ልጄ። ዳቦውን ውሰጅ፤ አደዩን ግን እኔ ቤት አታግቢብኝ።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዘመን መለወጫ አደይን ከደጇ የምትመልስ ሴት ማን አይቶ ያውቃል? እኔ በልጅ ልቤ የራሳቸውን አበቦች ብቻ የሚወዱ፣ በሰው አበባ የሚቀኑ ሴትዮ አድርጌ ቆጠርኋቸው።

ትምህርት ቤት በተከፈተ በማግሥቱ ነው ጉድ የፈላው። ደብተሬን ይዤ ስመለስ በረንዳው ላይ ሦስት ጣሳ ተደርድሯል። ሦስቱም የወተት ዱቄት ጣሳ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት፣ ሦስቱም ውስጥ ያቺው አረንጓዴ ሰንሰለት። እትየ ሙሉ እጃቸውን ከአፈር እየታጠቡ ነበር።

«ሰማያዊው ባልዲስ?» አልሁ።

«ቂጡ ተበስቶ ነበር፤ ጣልሁት። ክረምቱ ሥራቸውን ሊያበሰብስብኝ ስለሆነ አፈር ለወጥሁላቸው። ምነው?»

«የትኛዋ ነበረች እሱ ውስጥ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሦስቱንም ባንዴ ነቅየ ነው የተከልኋቸው። ምን ሁነሽ ነው አንች?»

አልነገርኋቸውም። እናቴ የሰጠችኝ ምስጢር ነው፣ ለሰው ከነገርሁት ይረክሳል ብዬ አስቤ መሰለኝ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እትየ ሙሉ ትንሽ ቆመው አዩኝና ወደ ጓሮ ሄዱ። ሲመለሱ ያንን የተበሳ ባልዲ አጥበው፣ በቀሚሳቸው ጫፍ አድርቀው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

«እንኪ። ለባልዲ ነው እንዴ ይህ ሁሉ እንባ! ኧረ በስመ አብ!»

እንዲህ ሆኜ ባዶ ባልዲ ታቅፌ ቀረሁ። ሌሊት ሌሊት ከመኝታዬ ራስጌ አስቀምጠው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ተክሎቹን ማየት ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የማናግረው ሰው የለኝም፤ እትየ ሙሉ ብዙ አይናገሩም፣ የሰፈሩ ልጆች «የገሳይ ልጅ» እያሉ ጨዋታቸውን ወደ ሌላ ደጅ ያዞሩብኛል። ደብረ ታቦር ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሲጀምር በረንዳው ላይ ተቀምጬ የሚሰማኝ ከመናኸሪያው የረዳቱ ጩኸት ብቻ ነው፤ «ሐሙሲት! ሐሙሲት፣ ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረው!» ያ አንድ ሰው እኔ እንደሆንሁ ይሰማኝ ነበር። ሐሙሲት ሩቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሩቅ አለመሆኑ ነው የከፋኝ፤ ሩቅ ቢሆንማ መንገዱን እወቅሰው ነበር።

አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ ጠየቅሁ።

«እትየ ሙሉ፣ እነዚህ ሦስቱ አንድ ናቸው?»

«ወግጅ! አንድ ቢሆኑ አንዷ መቼ ትበቃኝ አልነበረም? እህትማማች ናቸው እንጅ አንድ አይደሉም። ነይ ጣትሽን ስጭኝ።» ጣቴን ይዘው ከቅጠል ቅጠል ወሰዱት። «እችን ዳሰሽ፤ ጠርዟ ይዋጋል አይደል? እች የኅዳሯ ናት። ለጽዮን ትደርሳለች። እች ደግሞ ክብ ክብ ናት፣ ጥርስ የላትም፤ እች የገናዋ። ያችኛዋም ክብ ናት፣ ግን ጫፏ ላይ ቀጫጭን ጸጉር አላት፤ ልብ ብለሽ ካላየሻት አትታይም። እሷ የፋሲካዋ ናት።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል! ሆስፒታል የነበረች አንዲት ፈረንጅ ሐኪም አገሯ ስትገባ ነው የሰጠችኝ። እሷ ሦስቱንም የምትጠራቸው ባንድ ስም ነበር። እኔ ዓመት እያየሁ፣ በዓል እየቆጠርሁ ለየኋቸው። ሰውም እንደዚሁ ነው፤ ቀን ካልወጣበት አይለይም።»

ብርድ ያደነዘዘው ጣቴ ጸጉር የሚባል ነገር አልተሰማውም። ትዝ የሚለኝ የባልዲው ሰማያዊነት ብቻ ነው፤ ምልክቱ ሲሰጠኝ ቅጠሉን ሳይሆን ዕቃውን ነው ያየሁት። ስለዚህ ቀድማ የምታብበዋ እሷው ናት ብዬ ወሰንሁ። ልጅ መቼም ለራሱ የሚቀርበውን ነው የሚያምነው።

ኅዳር ሲገባ ባለ ጥርሷ እንቡጥ አወጣች። እንቡጦቹ በየቀኑ ወፈር ሲሉ እኔም ልቤ አብሮ ያብጥ ነበር። ለጽዮን ዋዜማ አንዷ ተፈታች፤ ጽዮን ለት ሦስት አራቱ ፈነዱ። እግሬን ታጥቤ፣ ያለችኝን አንድ ደህና ቀሚስ ለብሼ መናኸሪያ ሄድሁ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ከወረታ በኩል የሚገባውን መኪና ሁሉ አየሁ። ሰው ይወርዳል፣ ዶሮ ይወርዳል፣ ጆንያ ይወርዳል። ረዳቱ አይቶ አይቶ መጣና፣

«እናት፣ ትሄጃለሽ እንዴ?» አለኝ።

«አልሄድም። ሰው እየጠበቅሁ ነው።»

«ማንን?»

«እናቴን።»

«በርችማ» ብሎኝ ወደ ጩኸቱ ተመለሰ። ሲመሽ እሱም ሄደ። ወደ ቤት ስመለስ እትየ ሙሉ በር ላይ ቆመው ነበር።

«የት ከርመሽ ነው?»

«አበባዋን ሳይ።»

«አበባዋማ እዚህ ናት» አሉ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም፤ ጋቢያቸውን አወለቁና አለበሱኝ።

ያን ሌሊት ግን ተስፋዬን አላጣሁም። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ የነካችው የኅዳሯን አልነበረም፣ የገናዋን ነው! ጭራሽ ደስ አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ እናቴ አልዋሸችኝም ማለት ነው።

ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ አባቷ በሐሙሲት መስመር ሹፌር ነው። በነቢያት ጾም አንድ ቀን ቆሎዋን እያካፈለችኝ፣

«እናትሽ አግብታ የለ?» አለችኝ።

«ውሸት! ቤት እየሠራች ነው።»

«አባቴ ነው ያለው። ሹፌር ነው ያገባት።»

«ሠርግማ ቢኖር እኔ እስክስታ እወርድ ነበር» አልኋት፤ ነገሩ በዚህ ተዘጋልኝ። እኔ የሌለሁበት የእናቴ ሠርግ ሊኖር እንደሚችል በጭራሽ አልመጣልኝም።

የገናዋ አበባ ከኅዳሯ ትለያለች። የኅዳሯ ወደ ፊት ቀና ብላ ነው የምታይ፣ የገናዋ አንገቷን ደፍታ ወደ መሬት ትንጠለጠላለች፤ ዱቄቷም ቢጫ ሳይሆን ወይን ጠጅ ወደ መሰለ ቀለም ይሄዳል። የልደት ዋዜማ ተፈታች። ልደት ለት ወንዶቹ በሜዳው ላይ ሩር ሲመቱ፣ ጩኸታቸው ከተማውን ሲያናውጠው፣ እኔ ያው ድንጋዬ ላይ ነበርሁ። ያን ቀን መኪናው ሁሉ ሞልቶ ነው የገባ። ዘመድ ዘመዱን እያቀፈ ይስማል። አንዲት ሴትዮ ከኋላዋ እናቴን ስለመሰለችኝ ሮጬ ነጠላዋን ያዝሁት፤ ዞር ስትል ሌላ ሰው ናት። «ምነው ልጄ?» አለችኝ። ነጠላዋን ለቅቄ ወደ ድንጋዬ ተመለስሁ።

ጥር ብርዱ አጥንት ይገባል። አንድ ምሽት ጋቢውን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ተኝቼ ሳለሁ የጋቢው ዘርፍ አገጬን ኮረኮረኝ። ብድግ ብዬ ተቀመጥሁ። እናቴ እኮ በቅጠሉ ኮርኩራኛለች! ስቄያለሁ! እስኪነጋ ድረስ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ገና ጎህ ሲቀድ በረንዳው ላይ ተንበርክኬ አገጬን በቅጠሎቹ ላይ ማሸት ጀመርሁ። የኅዳሯ ወጋችኝ። የገናዋ ለስላሳ ናት፣ ምንም የላትም። ሦስተኛዋ... ኮረኮረችኝ። ያው እንደዚያን ቀን!

«ምን ታደርጊያለሽ አንች ልጅ?» እትየ ሙሉ ከኋላዬ ቆመዋል። «ፍየል ሁነሽ አበባየን ልትግጭው ነው?»

ምስጢሩ ያን ጠዋት ከአፌ ወጣ። ባልዲውን፣ አገጬን፣ ድንጋዩን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኋቸው። «የፋሲካዋ ናት እትየ ሙሉ! እኔ ነኝ የተሳሳትሁ፤ ቀኑ ገና አልደረሰም!»

ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ይች ስታብብ አለችሽ?»

«አዎ። ከተፍ እላለሁ አለችኝ።»

ነጠላቸውን አጣፍተው እንደገና አጣፉት። «አይ ስንዱ» አሉ በመጨረሻ፤ የእናቴ ስም ነው። እኔን አላዩኝም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን እትየ ሙሉ ለፋሲካዋ ሌላ ሰው ሆኑላት። ሲመሽ የበረንዳው አምፖል ሳይበራ ጣሳውን አንስተው ጓዳ ያስገቧታል።

«ለምን ጨለማ ውስጥ ያስቀምጧታል?»

«መብራት ካየች አትይዝም። ጨለማ ካልጠገበች አበባ የላትም።»

ሁዳዴ ገብቶ እንቡጥ ስታወጣ ደግሞ ሌላ ሕግ መጣ። «አበባ የያዘች አትዞርም። ፊቷን ያዞርሽባት እንደሆነ ትጥለዋለች» ብለው ጣሳውና በረንዳው ላይ በከሰል ምልክት አደረጉ፤ ከጓዳ ስትመለስ ምልክቱ ከምልክቱ መግጠም አለበት። ማታ እሳቸው ያስገባሉ፣ ጠዋት እኔ አወጣለሁ። ያን ጾም ነው እትየ ሙሉን የለመድኋቸው። የወተት ዱቄት ጣሳ ለሁለት ስንጠብቅ ያየን ሰው እብዶች ሳይለን አልቀረም። አንድ ጊዜ «እርስዎም እናቴ እንድትመጣ ይፈልጋሉ?» ብላቸው «አበባዋ እንድትፈታ ነው የምፈልግ» አሉኝ። በዚያች መልስ ተቀየምኋቸው፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

በሰሙነ ሕማማት ተፈታች። የፋሲካዋ እንደ እህቶቿ አትደራረብም፤ ቀይ ኮከብ ሆና ቦግ ነው የምትል። ፋሲካ ለት እትየ ሙሉ ዶሮ ሠርተው ለእኔ እንቁላል አወጡልኝ። እኔ እንቁላሉን አልበላሁትም። እናቴ እንቁላል ትወዳለች። በወረቀት ጠቅልዬ ሰማያዊው ባልዲ ውስጥ ደበቅሁላት።

ፋሲካ አለፈ። ማግሥቱም አለፈ። ዳግም ትንሣኤም አለፈ። ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ ከእንግዲህ አራተኛ አበባ እንደሌለ ሳስብ ብቻዬን መሆኔ ያኔ ወለል ብሎ ታየኝ። ሌላ የምሳሳትበት ነገር አልቀረኝም።

እንቁላሉ ሸተተ። ትምህርት ቤት ውዬ ስመለስ እትየ ሙሉ ባልዲውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ለስንዱ ነው ያስቀመጥሽው?»

«አዎ።»

አልተቆጡም። ባልዲውን አጠቡና ቦታው መለሱት። በማግሥቱ ጎረቤት ዘንድ አዋሉኝ፤ ራሳቸው የቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን ለብሰው በመጀመሪያው ሚኒባስ ሐሙሲት ሄዱ። ሲመሽ አቧራ ለብሰው ተመለሱ። አዲስ የላስቲክ ጫማ አመጡልኝ።

«አዩዋት? ቤቱ አለቀ?»

«ክዳን ይቀረዋል።»

«ብዙ ይቆያል?»

«ቆርቆሮ ተወዷል አሉ» አሉና ወደ በረንዳው ሄደው የጠወለጉትን ቀያይ አበቦች አንድ ባንድ መልቀም ያዙ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ በርዷቸው ነው ብዬ ጋቢያቸውን አመጣሁላቸው።

እናቴ የመጣችው በሰኔ ነው። ዝናብ እየዘነበ፣ ማንም ሳይጠብቃት፣ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ከስታለች። ጀርባዋ ላይ ጓዝ ያዘለች መስሎኝ ነበር፤ ጓዙ አለቀሰ።

«ወንድምሽ ነው» አለችኝ።

አቅፋኝ ሳለች ልቤ ወደሷ ዓይኔ ወደ በረንዳው ሄደ። ሦስቱም ጣሳዎች አረንጓዴ ብቻ ናቸው።

«ምንም አላበበም እኮ!» አልኋት።

«ምኑ?»

«አበባው።»

«የቱ አበባ?»

ፊቷን አየሁት። እየደበቀች አልነበረም፤ ጨርሶ አታስታውሰውም። ደግሞም አልከፋኝም፣ ደነገጥሁ እንጅ። እጇን ይዤ በረንዳው ድረስ ወስጄ ጣሳውን አሳየኋት። «ይችኛዋ። የፋሲካዋ። ስታብብ እመጣለሁ ያልሽኝ።»

እናቴ ወደ ጣሳዎቹ አየች፣ ወደ እኔ አየች። «እንዴ፣ ሦስቱም አንድ አይደሉም እንዴ?» አለች።

እትየ ሙሉ ከኋላችን ነበሩ። «ልጅ ያዥ ፈልገሽ ነው የመጣሽው ወይስ ልጅሽን?» አሏት።

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ሁለቱንም እትየ። ምን ልዋሽዎት! ሳገባው ልጅ እንዳለችኝ አልነገርሁትም ነበር። አንቱ መጥተው ከሄዱ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነገርሁት። አምጫት አለኝ።»

እትየ ሙሉ ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ። «እንግዲያ ውሰጃት። ልጅ የእናቷ ናት» አሉ።

ልብሴን በፌስታል አደረጉልኝ። ከፋሲካዋ አንድ ቅጠል ገንጥለው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡ። ባልዲውን ይዤ ልሂድ ብል እናቴ «ኧረ የተበሳ ባልዲ!» አለችና ቀረ። መናኸሪያ ድረስ ሸኙን። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ አንገቴን አወጣሁ። እኔ እናት እንዳለኝ፣ እሳቸው ግን ማንም እንደሌላቸው ያኔ ነው ልብ ያልሁት። እሳቸውን ለማጽናናት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እትየ ሙሉ፣ የኅዳሯ ስታብብ...»

መዳፋቸውን አፌ ላይ ጫኑት። ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ተይ። አበባ አታስጠብቂኝ። እኔም ልጃገረድ ሳለሁ አደይ ሲፈነዳ እመጣለሁ ተብየ ነበር። አደይማ በየዓመቱ ፈነዳ።»

መኪናው ተነሳ። እስከ ወረታ ድረስ ያ መዳፍ አፌ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙሲት ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት ቤቱን ነው። አሮጌ ቤት ነበር። ቆርቆሮው ከዛገ ስንት ዘመኑ!

ወንድሜን አዘልሁ፣ እሽሩሩ አልሁ፤ ወደድሁትም። የእንጀራ አባቴም ክፉ ሰው አልነበረም። ነሐሴ ሲገባ ግን ናፍቆቱ አላስቀምጥ አለኝ። ለቡሄ ዋዜማ ደብረ ታቦር ዘመዶቿ ዘንድ የምትሄድ ጎረቤት ነበረችንና እናቴን ቀን ከሌሊት ለመንኋት። «ሂጂ እንግዲህ፤ አንቺን ማን ይችልሻል!» አለችኝ።

ዝናቡ ዶፍ ነበር። ወንዶቹ በየደጁ ጅራፍ እያጮሁ ሆያ ሆዬ ይላሉ። ጎረቤታችን በሩ ድረስ አድርሳኝ ወደ ዘመዶቿ ሄደች። በረንዳው ላይ ሦስቱ ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ ጎንበስ ብዬ እያንዳንዷን አየኋት። ከአጠገባቸው ሰማያዊው ባልዲ፣ ቀዳዳው በጨርቅ ተደፍኖ፣ የጣሪያውን ፍሳሽ ይጠጣል። አንኳኳሁ።

«ማነው? ለቡሄው ሙልሙሉ ገና አልወጣም፤ ኋላ ኑ!»

«እኔ ነኝ፣ ብርቄ።»

እግራቸው በሩ ድረስ ሲመጣ ሰማሁት፤ መጥቶ ግን ቆመ። መወርወሪያው አልተነሳም።

«ምን አበበና መጣሽ?» አሉ ከውስጥ።

«ምንም አላበበም» አልሁ።

በሩ ተከፈተ።